አቤት የምንለው ለማን ነው?

የእንግሊዝ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁት ለፓርላማ አባል አልነበረም። ፖሊስን ለሚቆጣጠር ሰው ነበር። ቀኑ ሐሙስ፣ ኦገስት 21 ቀን 2014፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 15 ቀን 2006 ዓ.ም.፤ የፍልሰታ ጾም የመጨረሻው ቀን። በርሚንግሃም ውስጥ ከምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። ጣቢያው የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ሁለት አስመራጮች ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ መዝገቡን ገልጣ ማስመሪያዋን አስቀመጠችና ስሜን ሰረዘች። በዚያ ገጽ ላይ ከእኔ በፊት የተሰረዘ አንድም ስም አልነበረም።

ከመከለያው ጀርባ በገመድ የታሰረ እርሳስ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ወረቀቱ ላይ አራት ስሞች አሉ። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ለመጀመሪያ ምርጫ፣ ሌላው ለሁለተኛ። ያን ያህል የቆየሁት ማንን እንደምመርጥ ጠፍቶኝ አልነበረም። ሌላ ሰልፍ ትዝ ብሎኝ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ገና ሳይነጋ ተሰልፌያለሁ። ያን ቀን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ሌላ መንገድ ላይ ይወጣ ነበር፤ ሽማግሌዎች በርጩማ ይዘው፣ እናቶች ልጅ አዝለው፣ ፀሐዩ ሲበረታ አንዱ ለሌላው ጥላ እየዘረጋ ውሏል። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ከቀትር በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተከሰተው ግጭት 193 ሰዎች መሞታቸውን የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል። በእነዚያ ወራት እናቴ በር ዘግታ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ሁላችንም ቤት መግባታችንን እየቆጠረች ታድር ነበር። ለፓርላማ አባል ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ መሣሪያ ስለያዘው ሰው ግን የጠየቀኝ አልነበረም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምተን ላደግን ሰዎች፣ ፖሊስ ከዝናብና ከበረዶ ጋር የሚመደብ ነገር ነው። ሲመጣ መጠለል ብቻ።

እናም በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እርሳሱን ይዤ የቆምኩት ለዚህ ነው። አሁን ተጠይቄያለሁ።

ስለ ሹመቱ ለወገኖቼ ማስረዳት ግን ቀላል አልሆነልኝም። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም በአማርኛ ሲመለስ «የፖሊስና የወንጀል ጉዳይ ኮሚሽነር» ይሆናል፤ ለእኛ ደግሞ ኮሚሽነር ማለት ራሱ የፖሊስ አለቃው ነው፤ መለዮ የለበሰ፣ ትከሻው ላይ ማዕረግ ያለበት። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ስንቀምስ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ፖሊስም በምርጫ ሆነ እንዴ? ታዲያ ሌባውም ይመርጣል?» አሉኝ። በእውነት የተጨነቁበት ጥያቄ ነበር። «አይደለም እማማ» አልኳቸው፤ «አለቃው ሌላ ነው። ይህኛው መለዮ የለውም፤ ማሰርም አይችልም። የአለቃው አለቃ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2011 የወጣው ሕግ ከለንደን ውጭ ባሉት 41 የእንግሊዝና የዌልስ የፖሊስ አካባቢዎች፣ በየአራት ዓመቱ በሕዝብ የሚመረጥ አንድ ኮሚሽነር እንዲኖር ደነገገ። ኮሚሽነሩ የፖሊሱን ዋና አዛዥ ይሾማል፤ ይሽራል። የፖሊስን በጀት ይይዛል። ከየቤቱ ከሚሰበሰበው የምክር ቤት ግብር ላይ የፖሊሱን ድርሻ ይወስናል፤ በየዓመቱ በመጋቢት አካባቢ በሚደርሰን የግብር ወረቀት ላይ ያች ድርሻ ለብቻዋ በአንድ መስመር ትታያለች። በሥልጣን ዘመኑ ለምን ነገር ቅድሚያ እንደሚሰጥ ዕቅድ አውጥቶ ለሕዝብ ያሳትማል። ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጠውን እርዳታ የሚያዝዘውም እሱ ነው። ነገር ግን «ይህን ሰው እሰሩ፤ ያንን ልቀቁ» ማለት አይችልም። ፖሊስ የት እንደሚሰማራ፣ ማንን እንደሚመረምር የሚወስነው ዋና አዛዡ ብቻ ነው። ይህ ወሰን በጣም አስፈላጊ ነው። የተመረጠ ፖለቲከኛ በፖሊስ ጠላቱን ማሳሰር ከቻለ ምን እንደሚመጣ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ከዚያ በፊት የነበረው የፖሊስ ባለሥልጣን የሚባል ጉባኤ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 17 አባላት ያሉት፣ ግማሽ ያህሉ ከየምክር ቤቱ የተወከሉ። ሥራቸውን በቅንነት የሠሩ ብዙ ሰዎች እንደነበሩበት አልጠራጠርም። ግን 17 ሰው በተቀመጠበት ጉባኤ አቤት የሚባለው ለየትኛው ነው? በአገራችን አቤት ባይ የሚጮኸው ለአንድ ሰው ነው፤ በቅሎ ላይ ላለው፣ ከደጃፉ ለሚወጣው፣ ፊቱ ለሚታወቀው። ሰው ሲበደል ጉባኤ አይፈልግም፤ ስሙን ጠርቶ «እርስዎ» የሚለው ሰው ይፈልጋል። የዚህ ሹመት ትልቁ ቁም ነገር ለእኔ ይኸው ነበር፤ ስም ያለው አንድ ሰው።

የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው ኖቬምበር 15 ቀን 2012 ነበር። ያኔ እኔ ዜግነት ስላልነበረኝ አልመረጥኩም። አብራኝ የምትሠራ ኬንያዊት ግን የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ይዛ ካርድ ደረሳት፤ አገሯ በብዛት የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የተሰባሰቡበት የኮመንዌልዝ ማኅበር አባል ናት፤ የእኛ አይደለችም። በቅኝ ግዛት ያልተያዘ አገር ልጅ መሆኔ ስደት ላይ እንዲህ ባለ ቦታ እንደሚገጥመኝ አስቤ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ግን ካርዱን ይዛ ወደ እኔ መጣችና፣ «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» አለችኝ። አላውቅም። እሷም አታውቅም። መንግሥት እጩዎቹን የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ በየቤቱ ለመላክ ወጪውን አልሸፈነም፤ ኢንተርኔት ላይ አንብቡ ተባለ። ወሩ ደግሞ ብርዱና ጨለማው የሚበረታበት ነው። በመላው አገር ከመራጩ 15 ከመቶ ያህሉ ብቻ ወጣ። ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት በምትባል ከተማ አንድ የምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ውሎ አንድም ሰው ሳይገባበት ተዘጋ።

እኔ የመረጥኩበት የነሐሴው ምርጫ ደግሞ ከዚያም ባሰ። የዌስት ሚድላንድስ የመጀመሪያው ኮሚሽነር ቦብ ጆንስ በጁላይ 2014 በድንገት አረፉ። ሕጉ ምክትሉ ቀሪውን ዘመን እንዲጨርስ ስለማይፈቅድ፣ በበጋው ዕረፍት መካከል፣ ሰው ሁሉ ከከተማ ወጥቶ ሳለ ምርጫ ተጠራ። የወጣው 10.4 ከመቶ ነው። በርሚንግሃምን፣ ኮቨንትሪንና ዎልቨርሃምፕተንን በያዘ አካባቢ ከአሥር ሰው አንድ። ያ ገጽ ባዶ የሆነው ለዚህ ነበር።

ድምፄን በሰጠሁ በአምስተኛው ቀን፣ ኦገስት 26፣ ፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ ያዘጋጁት የሮዘራም ሪፖርት ወጣ። በፈረንጆች ከ1997 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በዚያች ከተማ ቢያንስ 1,400 ሕፃናት የወሲብ ብዝበዛ እንደተፈጸመባቸው፣ ፖሊስም ምክር ቤቱም አቤቱታቸውን ከቁም ነገር እንዳልቆጠሩት ተጻፈ። ከተማዋ የምትገኝበት የሳውዝ ዮርክሻየር ኮሚሽነር ሾን ራይት ከ2005 እስከ 2010 በሮዘራም ምክር ቤት የሕፃናት አገልግሎትን በኃላፊነት የያዙ ሰው ነበሩ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ ይልቀቁ አሉ፤ የራሳቸው ፓርቲም እንዲሁ። ሰውየው እምቢ አሉ። ሊያስወጣቸው የሚችል ሕግ አልነበረም። ኮሚሽነር ከሥራ የሚታገደው ከሁለት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ሲከሰስ ብቻ ነው። መርጦ ያስቀመጠው ሕዝብ ሊያነሣው አይችልም። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 16 ላይ በራሳቸው ፈቃድ ለቀቁ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ዜናውን በየሌሊቱ እከታተል ነበር። አዛውንቶቹ ሲተኙ፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ድምፁን ዝቅ አድርጌ። ያናደደኝ ነገር ዛሬም ያናድደኛል። በ2015 የፓርላማ አባልን መራጩ በፊርማ ከወንበሩ ሊያነሣ የሚችልበት ሕግ ወጣ፤ ለኮሚሽነሮች ግን እንዲህ ያለ መብት አልተሰጠንም። መሾም ብቻ ሰጥተው መሻርን ያስቀሩት ምርጫ ግማሽ ምርጫ ነው። ቤቱ የሚያፈስ ከሆነ ቆርቆሮውን መጠገን ይቻል ነበር።

ከምርጫ ወደ ምርጫ ባለው ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የገባኝ ግን በሌላ መንገድ ነው። አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት ለመንገድ ላይ ፍተሻ ክትትል ቡድን በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልግ አነበብኩ። ደመወዝ የለውም። በየጥቂት ወሩ አንድ ምሽት ነው። ተመዘገብኩ።

በአገሪቱ የስታቲስቲክስ ሰነድ እንደሚታየው፣ እስከ ማርች 2023 ባለው አንድ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ መንገድ ላይ ተፈትሿል። ልጅ ለምታሳድግ ሐበሻ እናት ይህ ቁጥር አይደለም፤ ልጇ ከእግር ኳስ ሜዳ ሲመለስ የሚያልፍበት መንገድ ነው። እኔም የገባሁት ይህንኑ ይዤ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት አሥር ያህል ሰዎች ነበርን። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ አንድ የመስጊድ አስተባባሪ፣ ባለ ሱቅ፣ እኔ። ጠረጴዛው ላይ ብስኩትና ሻይ አለ። ስምና አድራሻ በጥቁር ቀለም የተሸፈነባቸው የፍተሻ መዝገቦች ታደሉን። እያንዳንዱ መዝገብ ላይ ፖሊሱ ሰውየውን ለማስቆም ያበቃው ምክንያት በራሱ ቃል ተጽፏል። ከዚያም ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ በሚያደርጉት ካሜራ የተቀረጸውን በስክሪን አየን። ያየሁትን መናገር አይፈቀድልኝም፤ ቃል ገብቻለሁ። ክፍሉን ግን ልናገር። ቪዲዮው ሲጀምር ሻይ የሚያማስለው ሰው ማንኪያውን አስቀመጠ። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ የተናገረ የለም። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ እሷም እንደ እኛ የሰፈር ነዋሪ ናት፣ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች፤ «ይህ ምክንያት ለእናንተ በቂ ነው?» በየተራ መለስን። አንዳንዱ ላይ በቂ ነው አልን። አንዳንዱ ላይ ተከራከርን። ባለ ሱቁና ተማሪው አልተስማሙም። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ፖሊስ ዝም ብሎ ይጽፋል።

ወደ ቤት የሚወስደኝን አውቶቡስ ስጠብቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርድ አይደለም። አንድ ፖሊስ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ እኔ ያልኩትን ቁጭ ብሎ ጽፏል። በአማርኛ ቅላፄ በተናገርኩት እንግሊዝኛ «ይህ ለእኔ በቂ አይደለም» ያልኩትን ጽፏል። በግንቦት 1997 ስሰለፍ ያልጠበቅኩት፣ ሊሆን ይችላል ብዬ ማለም እንኳ ያልቻልኩት ነገር ይህ ነበር።

በዚህ ሥራ መካከል ነው ያን የሌባውን ጥያቄ ያነሱት እናት እንደገና የመጡት። በ2023 ዐቢይ ጾም ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ያን ሰዓት አውቶቡስ የለም። ነጠላ ያጣፉ አሮጊቶች፣ ሕፃን ያቀፉ እናቶች በእግር ይሄዳሉ። «ያ የአለቃው አለቃ ያልሽኝ ሰው» አሉኝ፤ «ደብዳቤ ይቀበላል?» ይቀበላል አልኩ። «እንግዲያው እኔ ልበል፣ አንቺ ጻፊ።»

ከቅዳሴ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ጻፍን። በሰላምታው ላይ ብቻ ብዙ ደከምን። እኔ በእንግሊዝኛ ደንብ በአጭሩ ልጀምር ስል፣ እሳቸው ሰውየው ጤንነቱ ሳይጠየቅ፣ ቤተሰቡ ሳይመረቅ ጉዳይ አይነገርም አሉ። ስለዚህ ደብዳቤው «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፤ እግዚአብሔር ቤትዎን ይጠብቅ» ብሎ ጀመረ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት። መልሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ፖሊስ የት እንደሚሰማራ የመወሰን ሥልጣኑ የዋና አዛዡ መሆኑን ገልጾ፣ ጉዳዩን ለሰፈሩ የፖሊስ ቡድን እንዳስተላለፈው ይናገራል። በፋሲካ ሌሊት ሁለት ፖሊሶች፣ አንዷ ወጣት ሴት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው አገኘናቸው። እናታችን ዳቦ ቆርሰው አወጡላቸው። ደብዳቤውን ዛሬም ከውዳሴ ማርያም መጽሐፋቸው ውስጥ አጥፈው ይዘውታል።

የመጨረሻው ምርጫ የተደረገው ሜይ 2 ቀን 2024 ነው፤ ጸሎተ ሐሙስ። እግር ሲታጠብ፣ ሲሰገድ ውለን፣ ጉልባን ቀምሰን፣ በቡድን ሆነን ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድን። በዚህ ጊዜ መታወቂያ ማሳየት ግዴታ ሆኗል፤ ሁለተኛው ዓምድ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ ጠፍቷል። እናታችን ዜግነታቸውን ካገኙ ዓመት አልሞላቸውም። እኔ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ፣ «እርሳሱ በገመድ ታስሯል» አሉኝ፤ «ማን ይሰርቀዋል?»

አሁን ደግሞ ሹመቱ ሊጠፋ ነው። መንግሥት ኖቬምበር 13 ቀን 2025 እንዳስታወቀው፣ የኮሚሽነሮቹ ዘመን በሜይ 2028 ሲያበቃ ሥራው ይቀራል። በዚህ የፓርላማ ዘመን ቢያንስ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይድናል ተብሏል፤ ከአምስት ሰው ሁለቱ እንዲህ ያለ ሹመት መኖሩን እንኳ አያውቅም ተብሏል። ገንዘቡን ቀላል ነው አልልም። ሁለተኛውን ምክንያት ግን መቀበል ያቅተኛል። ሕዝቡን ሳያስተዋውቁ፣ በኅዳር ጨለማና በነሐሴ ዕረፍት እየጠሩ፣ ከዚያ «አላወቃችሁትም» ብሎ መውሰድ ፍትሕ አይመስለኝም።

ከንቲባ ባለበት አካባቢ ሥልጣኑ ወደ ከንቲባው ይሄዳል። ከንቲባ በሌለበት ደግሞ የምክር ቤት መሪዎች የሚቀመጡበት ቦርድ ይቋቋማል። ወደ ቦርድ ለሚሄዱት አዝናለሁ፤ ያ ከ2012 በፊት ወደነበረው ጉባኤ መመለስ ነው። እኛ ዘንድ ከንቲባ አለ፤ ስም ያለው አንድ ሰው ነው፤ ይህ ይሻላል። ነገር ግን እንደ ለንደንና እንደ ማንችስተር ከሆነ፣ የፖሊሱን ሥራ በየቀኑ የሚይዘው ከንቲባው የሚሾመው ምክትል ነው። እሱን እኛ አንመርጠውም። ከንቲባውን ስንመርጥ ደግሞ በአውቶቡሱ፣ በቤቱ፣ በሥራው ሁሉ ነው የምንመዝነው። የፍተሻው ምሽት ከእነዚህ ሁሉ መካከል የት ይገባል? ቡድኖቹ ይቀጥላሉ ወይ ብዬ በስብሰባ ላይ ጠይቄያለሁ። ለምክር ቤት አባላችንም ጽፌያለሁ።

ባለፈው እሑድ ይህን ለእናታችን ነገርኳቸው። ቡናቸውን ይዘው ብዙ ሳይናገሩ ሰሙኝ።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ አቤት የምንለው ለማን ነው?»

«ለከንቲባው ይሆናል እማማ።»

«የአውቶቡሱ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እሱ።»

ስኒውን አስቀመጡ። «እንግዲያው አሁን ያሉት ሰውዬ ሳይወርዱ እንጻፍላቸው። ለሚተካቸው ሰው ስለ ፋሲካው ሌሊት አደራ ይበሉልን። አደራ ካሉ ይደርሳል።» ከቦርሳዬ ወረቀት ሳወጣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ፊት ተጠጉ።

«ጻፊ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል።»